የአያ ጓንጉል ተራ

ይበልጣል ሆዴ፣

ጥለኸን ከሄድክ ክረምቱ አልፎ፣ አዝመራው ተሰብስቦ፣ ይኸው ጥር ገባ። የማርቆስን ብርድ ታውቀዋለህ፤ እሱ አልበቃ ብሎህ ነበር ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስበህ በፈጠርከው በረዶ የምታንዘፈዝፈን። በጨዋታህ እኛ ተጓዥ እንሆናለን፣ አንተ መንገዱንና ብርዱን ትተርካለህ፣ ዳይሱ ይፈርዳል። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል፣ ወንድምህ አንተነህ ጠገነው። እናትህም አሁን ከእኔ ጋር ናቸው፤ በቀብርህ ዕለት ታመው ከአልጋ አለመነሳታቸው ዛሬም ያንገበግባቸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ አንተነህና ጎረቤታችን መሠረት መጥተው ጨዋታውን እንጨርሰው አሉኝ። ተቆጣሁ። ሰው ሞቶ ዳይስ ይጣላል እንዴ? እናትህ ግን ሰው መንገድ ላይ አይተውም ብለው ጠረጴዛውን ራሳቸው ወለወሉት። በአንተ ቦታ አጫዋቿ እኔ ሆንኩ፣ የእኔን ተጓዥ እሳቸው ያዙ። አይ የእኛ ነገር!

በጨዋታው የተውከን በበረዶ በቀበርከው ጮቄ ተራራ አናት ላይ ነው። ሕግህን አልረሳሁም። በልጅነትህ ከሮብ ገበያ ሽቅብ ስትወጡ ጉም ሲወርድባችሁ እንደምታደርጉት፣ ተጓዡ ሁሉ በየተራ ስሙ ይጠራል፣ «አለሁ» ይላል። ላልመለሰ ዳይስ ይጣላል፤ አንድ ከወጣ ብርዱ ወሰደው ማለት ነው።

መሠረት አንተነህን ጠራች፣ አለሁ አለ። አንተነህ መሠረትን ጠራ፣ መለሰች። የአያ ጓንጉል ተራ ደረሰ። ያን ሳይስል የማይመልስ ሽማግሌ መንገድ መሪ፣ ድምፅ የምትሰጠው አንተ ነበርክ፤ አሁን መላሿ እኔ ነኝ። ጠሪዋ እናትህ ነበሩ። እሳቸውም አያ ጓንጉል በማለት ፈንታ ይበልጣል ብለው ተጣሩ።

ወይኔ! ልስል፣ አለሁ ልል አፌን ከፈትኩ፤ እምቢ አለኝ። ለእናት፣ ልጇ ሳይኖር አለሁ ይባላል? ዳይሱን አነሳሁ። አንተነህ ተይው ብሎ እጄን ያዘ። አያ ጓንጉል ከወደቀ ከዚያ ጠረጴዛ ድምፅህ ጨርሶ ሊጠፋ ነው። በመዳፌ ሸፍኜ መዋሸት እችል ነበር። አንተ ግን ዳይስ አይለመንም እያልክ ሁሉም እያየ ነበር የምትጥለው። እኔም ሁሉም እያየ ጣልኩት።

አንድ ወጣ።

እናትህ አላለቀሱም። ለተጓዣቸው የቀረውን አንድ የሱፍ ባና አያ ጓንጉልን እንደሚያለብሱት ተናገሩ። ያለ እሱ ብርዱ ሊጥልዎት ይችላል ብላቸውም ወይ ፍንክች። ጅብራ ከተባለው የደጋ ተክል ሥር አስተኝተው፣ ከእግሩ እስከ ራሱ ሸፍነው፣ አፈር ይቅለልህ አሉት። ከዚያ እየተንቀጠቀጡ፣ ለጥቂት፣ ከነጓደኞቻቸው ከበረዶው በታች ካለው የገብስ ማሳ ደረሱ። ያን ቀን እራታቸውን በሉ፤ ካንተ ወዲህ እንዲያ ሲበሉ አላየኋቸውም።

እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወታለን። ዳይስ ሳይነካ በፊት የሚጠራው ስም ያንተ ነው። መልስ እንደማይመጣ እያወቅን ትንሽ እንጠብቅሃለን። እኔም ድምፄ እስካለ ድረስ እጠራሃለሁ።

ጥሩዬህ