ጽጌረዳዎቹን የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ

እህቴ፣
ስትገቢ ግቢው ባዶ ሆኖ እንዳትደነግጪ። ጽጌረዳዎቹን የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ አንድም አላስቀረሁ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ዛሬ ጠዋት አረፉ።

«ለዚያች ሴትዮ ቅጠል እንዳትሰጪ» ብለሽኛል። ሰምቻለሁ።

ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ባልዲውን ከሥሩ አድርጊ። መቀስሽን አጥቤ ቦታው መልሻለሁ።

በአጥሩ ሰበብ ከተጣላችሁ ጀምሮ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ መሀል ቤት ስዋሽ የኖርኩት እኔ ነኝ። ክረምት በወጣ ቁጥር ጠረጴዛሽ ላይ የማስቀምጥልሽን የሜዳ አበባ «ከመንገድ ዳር ለቀምኩት» እልሽ አልነበር?

ለቅመው በአጥሩ ቀዳዳ የሚያቀብሉኝ እሳቸው ነበሩ። «የኔ መሆኑን ካወቀች ትጥለዋለች» ይሉኝ ነበር።

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጥቁር ሻሽሽን ወንበሩ ላይ ትቼልሻለሁ።

የዘንድሮውን ሰኞ ነው ያቀበሉኝ። ጠርሙሱ ውስጥ አለ፤ ገና አልጠወለገም።