ጣሳውን ያየህባቸው ሦስት ጠዋቶች

አባዬ፣ የኔ አባት፣

ከተለያየን ዓመት ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ሰው የሚቆጥረው ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ነውና እኔም እንደ ሰው ቆጠርኩ እንጂ፣ ዐይንህን ካየሁ ከዓመት ከሁለት ወር አልፏል። ቀብርህ ላይ አልነበርኩም። ሙት ዓመትህን ባለፈው ሳምንት አወጣን። ፍልሰታ ስለሆነ ድግሱ የጾም ነበር፤ ጎረቤቱ ግን አንድም ሳይቀር መጣ።

እማዬ ጥቁሯን እስካሁን አላወለቀችም። ሱቁን ግን ከፍታለች። ላምባ የሚመጣው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው፤ በመጣ ቀን ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ስትሰፍር እንዳንተ ጎንበስ ብላ መስመሩን አታይም፤ እስኪፈስ ትሞላዋለች። ደንበኛው እንዴት እንደሚወዳት ብታይ ትስቅ ነበር፣ ትንሽም ትቆጣ ነበር። ከጓሯችን ጀርባ ያለው ባህር ዛፍ ተቆርጧል። አሁን አውሮፕላን ሲያርፍ ጎማው ሳይቀር ይታያል። የመኝታ ክፍላችሁን አልነካነውም፤ ኮትህ እዚያው ምስማሩ ላይ ነው።

እኔም ተመረቅሁልህ። የጋዋኑ ፎቶዬ ካንተ ፎቶ አጠገብ ተሰቅሏል። መመረቂያ ጽሑፌን መምህሬ ወዶታል፤ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል። እኔ ግን ያን ጽሑፍ እስከ ዛሬ ገልጬ ማንበብ አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ ካንተ በቀር የምነግረው ሰው የለኝም።

ሦስተኛ ዓመት ስጨርስ መምህሬ ክረምቱን ሐይቅ ዳር ሆኖ ዝናብ ሊያጠና፣ አንድ ተማሪ ብቻ ይዞ ሊሄድ እንደሆነ ስነግርህ ታስታውሳለህ? የክፍሉ ግማሽ ጠይቆ ሳለ እሱ እኔን መረጠኝ። የራሴም ጥያቄ ሰጠኝ፦ ሐይቁ ዳር የሚዘንበውና አዲስ አበባ የሚዘንበው በአንድ ቀን ነው ወይ፣ መጠኑስ ምን ያህል ይለያያል? ለዚህ አዲስ አበባ ላይ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት የዝናብ መለኪያ ጣሳውን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። የሚታመን ሰው አለሽ ወይ ሲለኝ አባቴ አልኩት። ሥራው ምንድን ነው ሲለኝ ላምባ ሻጭ ነው አልኩት። ሳቀ።

ቤታችን ድረስ መጥቶ ጣሳውን ግቢያችን መሃል ሲተክል ግን ሳቁን ተወ። አንተ በደህና ሱሪህ መሬት ላይ ተንበርክከህ፣ የጣሳው ውኃ የሚለካበትን ባለመስመር ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስተህ፣ አንድ ዐይንህን ጨፍነህ ከነነጥቡ አነበብክለት። ዕድሜ ልክህን ስትሰፍር የኖርክ ሰው፣ ውኃ ዳር ዳሩን ከፍ እንደሚል ማን ይነግርሃል? ተማሪዎቼ ይህን ለመልመድ ሁለት ሳምንት ይፈጅባቸዋል አለ መምህሬ። የዚያን ቀን የኮራሁትን ያህል በምረቃዬም አልኮራሁም።

የቀበሌው አብዮት ጥበቃ የመጣ ጊዜስ! አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ሬዲዮ ተክለዋል ብሎ ማን እንደነገረው እግዜር ይወቅ። እማዬ ከፍርሃቷ ብዛት ማድቤት ገብታ ቀረች። አንተ ብርጭቆውን ለሰውየው ሰጠኸውና እስቲ እርስዎ ያንብቡት አልከው። ጠመንጃውን አጥር ላይ አስደግፎ ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ወዲያ ባለፈ ባገደመ ቁጥር በአጥሩ ላይ ዛሬ ስንት ገባ ብሎ ሳይጠይቅ አይሄድም ነበር።

ሐይቁ ዳር ሆኜ በየሳምንቱ ወረቀትህ ይደርሰኝ ነበር። ከቁጥሩ ጎን የምትጽፋትን እወዳታለሁ፤ ዛሬ ንፋስ ነበር፣ ዛሬ ቅጠል ገብቶበት አወጣሁት፣ ዛሬ በረዶ ቀላቅሎ ጣለ ትላለህ። ለመምህሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለት ነበር።

ሐምሌ ሲጋመስ ወረቀቱ ተለወጠ። ጽሕፈቱ ትልልቅና የሚንገዳገድ ሆነ። ቁጥሩ ሁሉ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ እንደገና አሥር። ነጥብ የሚባል ጠፋ። መምህሬ አየውና ይህ ሰው አይለካም፣ ይገምታል አለ። እፍረቴ ፊቴን አቃጠለው። ያን ዕለት ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። አባዬ ሥራው ከከበደህ መጀመሪያውኑ እምቢ ማለት ነበር አልኩህ። ለማን አሳልፈህ እንደሰጠኸው አላውቅም፣ የሰጠኸው ሰው ግን ቁጥር አያነብም አልኩህ። ላምባ ብትሰፍር እንዲህ አድርገህ ትሰፍር ነበር ወይ አልኩህ። መምህሬ ፊት አዋረድከኝ አልኩህ።

መልስ አልጻፍክልኝም። በተከታዩ ወረቀት ላይ ግን በዚያው በሚንገዳገድ ጽሕፈት ሦስት ቀን ከነነጥቡ የተነበበ ቁጥር አገኘሁ። ቁጣዬ ሠራ ብዬ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ፣ አባዬ። ደስታዬ የቆየው ግን ሦስት መስመር ነው፤ ከዚያ በታች ተመልሶ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት ሆነ። አኮረፍኩህ። ክረምቱ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልጻፍኩልህም። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ያኮረፍኩት ሞተህ ነው።

መስከረም መጨረሻ ስመለስ አክስቴ አውቶቡስ ተራ ጠበቀችኝ። ቤታችሁ እየታደሰ ነው፣ ዛሬ እኔ ዘንድ እደሪ ብላ ወሰደችኝ። ሊነጋጋ ሲል ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በር ላይ ቆመው አየሁ። ማንም ምንም ሳይናገር ገባኝ።

ደረትህን ያመመህ ሐምሌ ሲጋመስ ነው አሉኝ። ልጅቷ ሥራዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት ብለህ ሁሉን ያስማልከውም አንተ ነህ አሉኝ። ከአልጋህ ሆነህ ብርጭቆው እንዴት እንደሚነበብ እማዬን አስተማርካት። እሷ መሠረተ ትምህርት ገና መጨረሷ ነው፤ ቁጥር ታውቃለች። ብርጭቆው ላይ ግን ቁጥር የተጻፈው በየአምስቱ ነው። በመሃል ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ጌጥ መስለውኝ ነበር አለችኝ። እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የላከችልኝን ጽሕፈት ነው እንግዲህ ቁጥር አያነብም ያልኩት። አንተ ስትሞትም መለካቱን አላቋረጠችም። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዓት ሲሆን ተነስታ ጣሳውን ልታይ ትወጣለች። ሰው ሐዘን አእምሮዋን ነካው ብሎ ነበር።

መጀመሪያ የጠየቅኋት ስለ ደብዳቤዬ ነው። ከተቀበርክ በአምስተኛው ቀን መጣ፣ እሱ አልሰማውም አለችኝ። እጇን ሳምኩት። በጋውን ሁሉ ያን ይዤ ነው የኖርኩት።

ሚያዝያ ላይ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ቁጥሮቹን በየቀናቸው ወደ ሠንጠረዥ እገለብጣለሁ። መምህሬ አንባቢው የተለወጠበትን ቀን በመስመር ለይው ብሎኝ ነበር። ያረፍክበትን ቀንም ለይቼ አሰመርኩ። ልክ ከዚህኛው መስመር በላይ የቆሙት እነዚያ ሦስት ቀኖች ናቸው። አሥራ አንድ ነጥብ አራት። ስድስት ነጥብ ሰባት። ዜሮ ነጥብ ዜሮ።

እማዬ እነዚያን ቀጫጭን መስመሮች አታውቃቸውም። ካልዘነበም ቦታውን ባዶ ትተወዋለች፤ የሌለ ነገር ምን ብዬ ልጻፍ ነው የምትለው። እዚያ ቤት ውስጥ ነጥብ አራት ብሎ የሚያነብ፣ ያልዘነበውንም ዜሮ ብሎ የሚያስጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው። ደብዳቤው በሕይወት እያለህ ነው የደረሰው። ቁጥሩን እሷ ጻፈችልህ፣ ያነበብከው ግን አንተ ነህ። በዚያ ደረት፣ በነሐሴ ጭቃ፣ ተንበርክከህ። ሦስተኛው ቀን ደግሞ መሬቱ ደርቆ ነው የነጋው፤ በመስኮት ማየት ይበቃህ ነበር። ተነሳህ። ባዶ ጣሳ አየህ። በማግስቱ ሞትክ።

ብዕሬን ጥዬ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በመርዶው ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

የእማዬን ቁጥሮች መምህሬ አስወጣቸው። ሦስቱን ግን አላስነካም አልኩት። እንዴት ታምኛቸዋለሽ ሲለኝ ነገርኩት፤ መነጽሩን አውልቆ ሦስቱን ባሉበት ተዋቸው። በምረቃዬ ቀን እማዬ መመረቂያ ጽሑፌን እያገላበጠች የኔንም አስገብተሽዋል ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። እሷ አንድ ዋሸችኝ፣ እኔም አንድ ዋሸኋት። ማወቄን አታውቅም፣ እኔም አልጠይቃትም።

ሳንባው ቀድሞ አልቆ ነበር፣ የሚተርፍ አልነበረም ይላሉ። እውነታቸውን ይሆናል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ደብዳቤውን ከእማዬ ሳጥን ውስጥ አግኝቼ እንደገና አነበብኩት። ሰው ለማያውቀው መሥሪያ ቤት እንኳ ሲጽፍ ለጤናዎ እንደምን አሉ ብሎ ይጀምራል። እኔ ለገዛ አባቴ ስጽፍ በንዴት ዘልዬዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ቁጥር ነው። አንድ ጊዜ ደህና ነህ ወይ ብዬህ ቢሆን፣ ምናልባት አላስችል ብሎህ አሞኛል ትለኝ ነበር።

መምህሬ ረዳቱ አድርጎ ቀጥሮኛል። በየገጠሩ ዝናብ የሚያነቡልን ሰዎች አሉ፤ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ወረቀታቸው የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ቁጥሩ የተበላሸበት ሰው ይኖራል፣ ደግሞም ይደጋገማል። ለእያንዳንዱ ስጽፍ ከቁጥሩ በፊት ጤናውን እጠይቀዋለሁ፣ መልሱንም እጠብቃለሁ። ይህን ቃል እገባልሃለሁ፤ እኔ አንተን የማስታውስህ እንዲህ ነው። ያኛው ደብዳቤ የመጨረሻዬ ሆኖ እንዳይቀር ደግሞ ይህን ጻፍኩልህ። ሳልጠይቅህ ቀረሁ አባዬ፣ ይቅር በለኝ።

ልጅህ