የወሰድኩትና የሰጠሁት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሮ ያካፋል። ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና ጠበቃህ ብቻ ነን።

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ እንደምን ከረምክ? እዚያ ሩቅ እስር ቤት ብርዱ እንዴት ያደርግህ ይሆን? የጃኬትህን እጅጌ ጠግኜ ልኬልሃለሁ።

ጠበቃህ ኮቷን ሳታወልቅ ነው ያስረዳችኝ።

«እናቴ፣ ያሳሰረው ፊልሙን ማየቱ አይደለም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የፊልም ማውረጃ ፕሮግራም እያሳየ፣ እግረ መንገዱን ፊልሙን ቆራርጦ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ፣ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይልካል። የኢንተርኔት መስመሩ ደግሞ በልጅዎ ስም ነው። እሱም ‹የላክሁት እኔ ነኝ› ብሎ ፈርሟል።»

«በስንት ሰዓት ነው የላከው?»

«ቀን ቀን። ከሦስት እስከ አሥራ አንድ።»

ቀን ቀን አንተ ሥራ ላይ ነበርክ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ፊልም ከፍቼ ስሰፋ የምውለው እኔ ነኝ።

ማንበብ የተማርኩት የልብስ ልክ ከምቆርጥበት አሮጌ ጋዜጣ መሆኑን ታውቃለህ። ከፊልሙ ጥግ ሁለት ቁጥር አነበብኩ፤ አንዱ ከሰው የወሰድኩት የፊልም መጠን፣ ሌላው ለሰው የሰጠሁት። ወስዶ ዝም ማለት ነውር መሰለኝ። የሰጠሁት እንዲበልጥ ብዬ፣ ፊልሙ ካለቀም በኋላ ሳልዘጋው ስሰፋ እውል ነበር። አንድ ቀን አይተህ «እማዬ፣ በዚህ አያያዝሽ ዓለሙን ሁሉ ፊልም ታጠግቢያለሽ» ብለህ ሳቅክብኝ።

ፖሊሶቹ ሲመጡ «አንቺ ስፌትሽን አታቋርጪ» ያልከኝ ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ። እኔም እንዳልከኝ ቀና ሳልል ስሰፋ ይዘውህ ሄዱ።

ከክፉ ይሰውርህ፤ የጠባቂዎችህን ልብ ያራራልህ። እናትህ።

ረቡዕ ጠዋት። ዝናቡ አባርቷል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። የጀመርኩትን የደንብ ልብስ ቁልፎች ተክዬ ጨረስኩ። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅዬ በአንሶላ ጠቀለልኩት። የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤታችን ለአናጢው ሰጠሁት። «በጠዋት ወዴት ነው?» ቢለኝ «ልጄን ላመጣ» አልኩት። በመጀመሪያው አውቶቡስ ፖሊስ ጣቢያ ደረስኩ። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ «ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። «ፊልሙን የላክሁት እኔ ነኝ» አልኩት፤ ተራ ቁጥር ሰጠኝ። አሁን አግዳሚው ላይ ሆኜ፣ ኮምፒውተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ በላዩ እየጻፍኩልህ ነው። ደብዳቤውን ለጠበቃህ እሰጣታለሁ። መነጽሬንና ሹራቤን ይዣለሁ። ስትመጣ ቁልፉ አናጢው ጋ ነው። ቁጥሬ ሰባት ነው። ስድስተኛው አሁን ገባ።