የወንድማቸውን ልጅ ያሳደጉት የዶ/ር ለሜሳ ዋቅጋሪ የሕይወት ታሪክ

ዶ/ር ለሜሳ ዋቅጋሪ ከአባታቸው ከአቶ ዋቅጋሪ ቦና እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማሚቴ ሸፊ በ1964 ዓ.ም. ጉለሌ፣ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ሽሮ ሜዳ ጋቢ ይሸጡ ነበር። ፊደል ያስቆጠሯቸው ታላቅ ወንድማቸው ቶለሳ ናቸው።

በ1982 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው በሒሳብ ተመረቁ፤ በኮምፒውተር ሳይንስም እስከ ዶክትሬት ዘለቁ። ያጠኑትና ያስተማሩት ሎጂክ ፕሮግራሚንግ የሚባለውን፣ ለኮምፒውተር ሕግ ሰጥቶ መደምደሚያ የማግኘትን ሙያ ነው። በተለመደው አሠራር አንድ ሕግ የሚያደርሰው ወደ አንድ መደምደሚያ ነው። ዶ/ር ለሜሳ የሠሩባቸው ቋንቋዎች ግን አንድ ሕግ «ይህ ወይም ያ» ብሎ እንዲደመድም ይፈቅዳሉ። ኮምፒውተሩ ማስረጃ ሳያገኝ አንዱን አይጥልም፤ ሁለቱንም ለየብቻ ይከተላል፤ በሁለቱም የተገኘውን ብቻ እርግጥ ነው ይላል።

በ1990 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሐመልማል ዓምሃ ጋር በተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን አቢን ወለዱ።

በ1996 ዓ.ም. የጭነት መኪና ሹፌር የነበሩት ቶለሳ ወደ ሞያሌ እንደወጡ ቀሩ። መኪናውም አልተገኘም። ከሦስት ዓመት በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ «እርሙ ይውጣ፤ ነፍሱ ያለ ፍትሐት አትቅር» ሲል፣ ወ/ሮ ማሚቴ «አፈር ሲለብስ ያላየሁትን ልጄን አትቅበሩብኝ» አሉ። ሁሉም ወደ ዶ/ር ለሜሳ ዞረ። እሳቸውም «ወንድሜ አለ ወይም የለም፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ቢኖርም ባይኖርም ግን ልጁን የሚያሳድግ ሰው ያስፈልጋል» ብለው፣ እናቷን በወሊድ ያጣችውን የቶለሳን የአምስት ዓመት ልጅ ሊሚን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ድንኳኑ ሳይተከል ቀረ።

ሊሚን ከአቢ ሳይለዩ አሳደጉ። «አባዬ» ስትላቸው «እኔ የአባትሽ ወንድም ነኝ፤ እሱ ይመጣ ይሆናል» ይሏት ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በተመረቀችበት ቀን «አባዬ» ስትላቸው ግን አላረሟትም።

ዶ/ር ለሜሳ በጉበት ካንሰር ታመው ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በ53 ዓመታቸው ዐረፉ። ይህ እርግጥ ነው።

እናታቸው ወ/ሮ ማሚቴ፣ ባለቤታቸው ወ/ሮ ሐመልማል፣ ልጆቻቸው አቢ ለሜሳና ሊሚ ቶለሳ በሐዘን ቀርተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በብርሃን ቦታ ያኑርልን። ወንድማቸው በሕይወት ካሉ መንገዱን ወደ ቤት ያቅናላቸው፤ ቀድመው ከሄዱም ታናሻቸውን ይቀበሏቸው።