አንዲት “ዋ” ለአጎታችን

ይድረስ ለምወድሽና ለምፈራሽ እታለም፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያማርርሻል ወይስ ታርቃችኋል? ዓይንሽስ? መነጽርሽን ታደርጊዋለሽ ወይስ እንደ ድሮው ከመሳቢያ የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው? የደም ግፊትሽ የእኔ ስም ሲነሳ ከፍ ይላል ብላ ልጅሽ ነግራኛለች፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ቆመሽ አታንብቢው። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ናት። ከተኩስ ሜዳ ይዤው የወጣሁት የጆሮ ጩኸት አልለቀቀኝም፤ እሱ ለምዶኛል፣ እኔም ለምጄዋለሁ። ከኩርፊያሽ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

ስልኬን ማንሳት ከተውሽ ወር አለፈ። በመጨረሻ ያነሳችው ልጅሽ ነበረች። “እማዬ እንዲህ በይው ብላለች” አለችና፣ መልእክቱን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ቃል በቃል አነበበችልኝ፦ “አጎቴን አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ፤ ሁለተኛ አልቀብረውም።”

ከዚህ ሁለት ነገር ገባኝ። አንደኛው፣ መጽሐፌን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብበሽዋል፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። ሁለተኛው፣ በመጽሐፉ ያለው መርማሪ ማን እንደሆነ ለይተሽዋል። እርግጥ እሱን አለመለየት ያስቸግራል። ሲያስብ ጫማውን የሚያወልቅ፣ የገዛ ቤቱን በር አንኳኩቶና ጉሮሮውን ጠርጎ የሚገባ፣ ሰው ሲዋሸው ጆሮውን የሚያክ ስንት ሰው አለ? ያሳደገን ሰዓት ሠሪው አጎታችን ነው። መርማሪ ሳደርገው ደመወዙን እንኳ አልጨመርኩለትም።

የተናደድሽበትም ምክንያት ይገባኛል። እሱ ሲሞት እኔ ግንባር ነበርኩ። መርዶው የደረሰኝ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ያስታመምሽው፣ የሸኘሽው፣ ሱቁን ጠርገሽ ቁልፉን ያስረከብሽው አንቺ ብቻሽን ነሽ። ያ ሁሉ አልፎ ወንድምሽ ጡረታ ይወጣና፣ ብዕር ያነሳና፣ ሰውየውን እንደገና በመጋዘን ውስጥ በጥይት ያስመታዋል። እኔም ብሆን ስልክ አላነሳም ነበር።

ስለዚህ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽና ትንፋሽሽ ይመለስ፤ አልሞተም። እንዴት እንዳልሞተ ግን ነገሩ ረዘም ይላል።

መጻፍ እንዴት እንደ ጀመርኩ ነግሬሽ አላውቅም። በጦር ሰፈር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት የወንጀል ልብ ወለዶች ሁሉ የመጨረሻ ገጻቸው የለም ነበር። አጫሾቹ ትምባሆ ይጠቀልሉበታል፤ ከመጨረሻው የሚጀምሩት ደግሞ መጽሐፉ ሲገለጥ እንዳይታወቅባቸው ነው። ገዳዩ ማን እንደሆነ ጢስ ሆኖ ይወጣል። እኔ መጨረሻውን ከራሴ ፈጥሬ ማውራት ጀመርኩ። አንዳንዱ ሰው መጽሐፉን ሳያነብ በቀጥታ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። ጡረታ ስወጣ ያንን ሥራ ይዤው ወጣሁ ማለት ነው። ቤት በዋልኩባቸው ወራት ባለቤቴን አንሶላ እንዴት እንደሚታጠፍ አስተምራት ነበርና፣ ሰው በወረቀት ላይ መግደል ስጀምር ከሁሉ በላይ ደስ ያላት እሷ ናት።

መጽሐፉ ወጣ። ሰውም አነበበው። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ሰላም የሚለኝ ሁሉ ፊቱን አጥቁሮ ነው። በሰፈራችን መስመር የሚሠራው የአውቶቡስ ሹፌር አንድ ቀን በሩን ከፈተልኝና እግሬን ሳላነሳ፣ ሰውየውን እንደዚያ አድርገህ ደግሞ ልትሳፈር ነው? አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ከዚያ የልጅሽ መልእክት መጣ። ብዕሬን አስቀመጥኩ። ወንጀል መጻፍ ቀርቶ የሱቅ ዕቃ ጽፌ መያዝም አስጠላኝ።

በዚህ መካከል የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የአንባቢዎች ስብሰባ አለና ይምጡልን ብላ ጠራችኝ። አልሄድም ብዬ ነበር። ባለቤቴ ሸሚዜን ተኩሳ ወንበር ላይ አንጠለጠለችልኝ። በቤታችን ከእንግዲህ የሚተኮሰው ሸሚዝ ብቻ ስለሆነ ለብሼው ሄድኩ።

ክፍሉ የሕፃናት መጻሕፍት ክፍል ነው፤ ወንበሮቹም የሕፃናት። ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ሊሳሳም ጥቂት እስኪቀረው አጥፌ ተቀመጥኩ። ሹፌሩ አለ። አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ አሉ። አንድ የቋንቋ መምህር እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ተቀምጧል። ማንም አላጨበጨበም። ስብሰባው ስለ መጽሐፍ ሳይሆን ስለ ሟች ይመስል ነበር። ኃላፊዋ ድባቡ ቢከብዳት ጊዜ፣ እስቲ የመጨረሻውን ገጽ በራስዎ ድምፅ ያንብቡልን አለች።

አነበብኩ። ታስታውሺዋለሽ። ገዳዩ ሽጉጡን አውጥቷል፤ መርማሪው እንደ ልማዱ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዟል። “መብራቱ ጠፋ። ጫማው ከእጁ ወጣ። ተኩስ ተሰማ። መርማሪው ይመታል።” ይኸው ነው፤ መጽሐፉ እዚህ ላይ ያልቃል።

አዋላጇ መነጽራቸውን አወለቁና፣ እስቲ የመጨረሻዋን ቃል ድገማት አሉኝ። ደገምኳት። አሁንም ድገማት አሉኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስላት ሹፌሩ ከትንሿ ወንበር ጋር አብሮ ተነሳ።

እታለም፣ ችግሩ ይህ ነው፤ በወረቀት ላስረዳሽ አልችልም፤ በወረቀት ሁለቱም ንባቦች አንድ ናቸው። ቃሉ ሲላላ ሰውየው መቺ ነው፤ ሲጠብቅ ተመቺ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ተኩስ በማሠልጠን ነው። አዛዡ አንዱን ምልምል እያሳየ ይመታል? ይለኛል። እኔም ይመታል ወይም አይመታም እላለሁ። ዒላማውን ማለት ነው። ቃሉ ሌላ ንባብ እንዳለው አላጣሁትም፤ ግን እሱ የእኛ ሳይሆን የሐኪሞቹ ክፍል ጉዳይ ነበር። የልብ ወለዴን የመጨረሻ ቃል ስጽፍ በጆሮዬ ያለው ያ የተኩስ ሜዳ ቃል ነው። ሲቪሉ ሁሉ ግን አጥብቆ አነበበውና አጎታችንን ገደለው።

በቤተ መጻሕፍቱ የሆነውን ብታዪ። አዋላጇ፣ “ታዲያ እኔ ሳምንት ሙሉ ጥቁር የለበስኩት ለማን ነው?” አሉ። እውነትም ጥቁር ሹራብ ለብሰዋል። ሹፌሩ ደግሞ፣ “እኔ እኮ ሞተ ብዬ ለተሳፋሪው ሁሉ አውርቻለሁ፤ አሁን በየፌርማታው እየቆምኩ ላስነሳው ነው?” አለ። መምህሩ ብቻ አልተበገረም። ተሳቢ የለውም አለ፤ ተሳቢ የሌለውን ማንም ሰው አጥብቆ ነው የሚያነበው፣ ደራሲው የፈለገውን ቢያስብ የጻፈው ሞት ነው አለ። ማዕረግ በነበረኝ ጊዜ ቢሆን ዝም አሰኘው ነበር። አሁን ግን ልክ ነህ አልኩት። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና፣ አንዲት “ዋ” ትበቃው ነበር አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም። አዋላጇ ይህ ሰው በእውነት ነበረ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነበረ አልኩና ስለ አጎታችን ማውራት ጀመርኩ። በር ስለማንኳኳቱ፣ በሱቁ ውስጥ ሁሉም ሰዓት የተለያየ ነገር ሲናገር እሱ ሰዓት የሚጠይቀው መንገደኛን ስለመሆኑ። ይስቃሉ፤ ጨምርልን ይላሉ። እሱን ከማያውቁት ሰዎች ጋር ተቀምጬ፣ ያኔ ሳልቀመጥለት የቀረሁትን ያህል ተቀመጥኩለት። ስወጣ ከደረቴ ላይ ምን እንደወረደልኝ አላውቅም፤ ብቻ መተንፈስ ቀለለኝ። ሹፌሩ በዚያው አውቶቡስ አሳፈረኝና ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ ሰውየው ተርፏል አለ። አንዲት መጽሐፉን ያላነበበች ሴትዮ ተመስገን አለች።

ከአሳታሚው ጋር ግን ተጨቃጨቅን። ሁለተኛው እትም ሊታተም ነው። አሳታሚው፣ ሰው ሞተ አልሞተም እያለ ሲከራከር መጽሐፉ ይፈለጋል፣ አይነካ አለኝ። እኔም እህቴ አኩርፋለች አልኩት። እህትዎ እኮ አንድ አንባቢ ናቸው አለኝ። “ልክ ነህ፤ የመጀመሪያዋ” አልኩት። ወሬ ፈጥሬ ሳወራ አፌን ሳትዘጊ የሰማሽኝ አንቺ አይደለሽም? በመጨረሻ እሺ አለ። አዲሱ እትም “መርማሪው ይመታዋል” ብሎ ያልቃል።

አንድ የሚቀርሽ ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። አጎታችን ስናጠፋ የሚወረውረው ጫማ አንድ ቀን እንኳ አግኝቶን አያውቅም፤ ታዲያ በጨለማ ገዳይን ይመታል ወይ ትያለሽ። አንቺ ዓይኑ ደካማ ነው ትይ ነበር። እታለም፣ የሰዓት ብሎን በወረንጦ የሚያነሳ ሰው ነው። በሙያዬ ልንገርሽ፤ ውርወራው ሁልጊዜ ከጆሮሽ በአንድ ስንዝር የሚያልፍ ሰው አልሳተም፤ ያነጣጠረው እዚያው ስንዝሩ ላይ ነው። እኔ በመጽሐፉ አንድ ጊዜ ብቻ ከልቡ እንዲወረውር ፈቀድኩለት።

ከደብዳቤው ጋር መጽሐፉን ልኬልሻለሁ። አዲሱ እስኪታተም አላስቻለኝምና የድሮው ነው። የመጨረሻውን ገጽ ግለጪ፤ በ“ታ” እና በ“ል” መካከል በብዕሬ አንዲት “ዋ” ጨምሬልሻለሁ። ትንሽ ጠማማ ናት። ጮክ ብለሽ አንብቢያት።

ለልጅሽ፣ መልእክት ሳትቀንስ ሳትጨምር በማድረሷ ሰላምታዬ ይድረሳት። ለባሏ፣ በመካከላችን ገብቶ ባለመናገሩ፤ ብልህ ሰው ነው። ለትንሿ የልጅ ልጅሽ፣ ጥርሷ ወልቋል አሉ፤ በጥርጣሬ የያዝኩት ሰው እንዳለ ንገሪያት። ለጎረቤትሽ ለልብስ ሰፊዋ፣ መጽሐፉን ተውሳሽ ካልመለሰች ደግሞ ሰላምታዬ ይቆይ። ባለቤቴ ጉንጭሽን ስማለች።

እሁድ እደውላለሁ፤ አንሺው። ካላነሳሽ ግን እወቂው፣ ሰውየው አሁን በሕይወት ስላለ በእጄ ነው፤ ጉንፋን አስይዘዋለሁ።

ናፋቂ ወንድምሽ

ከአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ፊት ለፊት፣ ከሦስተኛው ፎቅ
ጥቅምት ፱ ቀን