ጎሽ ፊት ከጎኔ የቆመችው

እንደ እናት ላሳደጉኝ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ መንበረ፤

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? የሆላንድ ብርድ ዘንድሮስ ራራልዎት? ያ ሲያምዎት የነበረው ጉልበትዎ ተሻለው ወይስ እንደነበረ ነው? ጋሼ ሁንዴሳ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? የእኔን ጤና ከጠየቁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከወገቤ በላይ እንደ ፈረስ ነኝ፤ ከወገቤ በታች ያለውን እርስዎም ያውቁታል። ጊፍቲ ደህና ናት። ልጃችን ትንቢትም ቁመቷ እናቷን ሊያልፍ ምንም አልቀረው። ቡናው ዘንድሮ ደህና ይዞ ስለነበር ለቀማው አልቆ በየደጁ ለፀሐይ ተሰጥቷል፤ መቱ ከዳር እስከ ዳር ቡና ቡና ትላለች። ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

አሁን የምነግርዎትን በስልክ ልነግርዎት ጀምሬ ነገሩ ስለረዘመብኝ ተውኩት። ወደ እናንተ የሚመለስ ሰው ስላገኘሁ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ። ነገሩ ስለላኩልኝ፣ መራመድ ላቃተው ሰው ስለተሠራችው ባለ ባትሪ ስኩተር ነው።

ስኩተሯ በሰላም እንደደረሰች ያውቃሉ። መጀመሪያ ላይ ግን ከጓዳ ማውጣቱ ከበደኝ። ኢሱዙ ሙሉ ቡና ጭኜ ቁልቁለቱን ስወርድ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ፣ በዚያች ትንሽ ነገር ላይ ተቀምጬ ሲያየኝ ምን ይላል እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። በኋላ ጊፍቲ ራሷ አቧራዋን አራግፋ፣ ባትሪዋን ሞልታ በር ላይ አቆመችልኝ። እንዲህ እያልኩ ስልክ ወደምጠግንባት ሱቅ በእሷ መመላለስ ጀመርኩ። ሰው የፈራሁትን ያህል አላየኝም። የባጃጅ ሾፌሮቹማ «ታናሽ እህታችን» የሚል ስም አውጥተውላት፣ አስፋልቱ ላይ ስወጣ ዳር ይዘው ያሳልፉኛል። ሆኖም ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት ነው እንጂ ከዚያ አላለፍኩም ነበር።

ጎንፋን ያስታውሱታል፤ የኢሱዙው ረዳቴ የነበረው ቀጭኑ ልጅ። አሁን የራሱ ሚኒባስ አለው፣ ቅጥነቱም ቀርቷል። በኅዳር ሚካኤል ማግስት መጣና የተወሰኑ መምህራንን ይዞ ከሶር ወንዝ ማዶ ወዳለው የዱር እንስሳት ፓርክ እንደሚሄድ ነገረኝ። ለእኔም ቦታ እንዳለ፣ የኋላውን ወንበር ፈትቶ ለስኩተሯም ቦታ እንደሚያዘጋጅ፣ ሁሉን አስቦ ነው የመጣው። እኔ ሱቅ መዝጋት አይሆንልኝም አልኩት። ጊፍቲ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ቆይታ ወጣችና፣ «የሚከለክልህ እግርህ ነው ወይስ ሌላ ነገር?» አለችኝ። ተነስቼ የስኩተሯን ባትሪ ልሞላ ሰካሁ።

በማለዳ ጉሙ ሳይነሳ ወጣን። ጎንፋና አንድ መምህር ሁለት ጣውላ ደርድረው ስኩተሯን እንደ ሙሽራ አስገቧት። እኔ ከፊት ከጎንፋ ጎን ተቀመጥኩ። ያ ሰው በየመጠምዘዣው ዞር እያለ ያየኛል፤ በድሮ ጊዜ ማርሽ ስቀይር እኔን እያየ እንደተማረው፣ አሁንም እየተፈተነ ይመስል ነበር። በልቤ ደህና ነድተሃል አልኩት፤ በአፌ ግን ያልኩት ፍሬን አታብዛ ብቻ ነው።

ፓርኩ በር ላይ ስንደርስ ችግር ተነሳ። የበሩ ኃላፊ፣ አቶ ደቅሲሳ የሚባሉ ጠና ያሉ ሰው፣ ስኩተሯን ከፊትም ከኋላም አይተው ሞተር ያለው ነገር ወደ ጫካው እንደማይገባ ነገሩን። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ሞተር ሳይክል ይዘው እየገቡ እንስሳቱን የሚያስበረግጉ ሰዎች ስላስቸገሩ የወጣ ደንብ ነው። ውስጥ ገብቼ አንድ ነገር ብሆንስ ማን ይጠየቃል የሚል ስጋትም ነበራቸው። ጎንፋ ደሙ ፈልቶ ሊጣላቸው ደረሰ። እኔ ደግሞ፣ እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ እፎይ አልኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ እጠብቃችኋለሁ ልል አፌን ስከፍት አንዲት ጠባቂ ቀረበች። ዲሪቤ ትባላለች፤ የኖፓ ወረዳ ልጅ ናት፤ የደንብ ልብሷ እጅጌ ረዝሞባት ጠቅልላዋለች። ስኩተሯ ድምፅ ይኖራት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቁልፉን ከፍቼ ትንሽ ነዳሁላት። ንብ እንኳ ከዚያ የበለጠ ትጮኻለች። ዲሪቤ ወደ አለቃዋ ዞራ በቀስታ እንዲህ አለቻቸው፦

«ይሄ ሞተር አይደለም፣ እግራቸው ነው። እግርዎን በር ላይ ጥለው ይግቡ ልንላቸው ነው?»

አቶ ደቅሲሳ ስኩተሯን እንደገና ዞረው አዩ። ከዚያ ከሰፊው መንገድ እንዳልወጣ፣ ዲሪቤም ከጎኔ እንዳትለይ አዘው በሩን ከፈቱልኝ።

መምህራኑና ጎንፋ ጠመንጃ ከያዘው ጠባቂ ጋር ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረዱ። እኔና ዲሪቤ ሜዳ ሜዳውን በዛፎቹ ሥር ሄድን። እትዬ፣ ጫካ ምን እንደሚመስል ረስቼው ኖሯል። በኢሱዙ መስኮት በኩል ስንት ዓመት አለፍኩት፤ ግን የማውቀው አረንጓዴ ግድግዳ መሆኑን ብቻ ነበር። ጉሬዛዎቹን ቢያዩ! ነጩን ካባቸውን ዘርግተው ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘሉ ቅዳሴ ላይ ያሉ ካህናት ይመስላሉ። ዲሪቤ እንደነገረችኝ የሰው ኮቴ ሲሰሙ ከሩቅ ነው የሚሸሹት። የእኔ ጎማ ግን ኮቴ ስለሌለው አንዲት እናት ልጇን እንዳቀፈች ቁልቁል ስታየኝ ቆየች። አንድ ድኩላም መንገድ ዳር ቅጠል ሲቀነጥስ ቀና ብሎ አይቶን ወደ ምግቡ ተመለሰ። እዚያ ላይ ሳቅኩ። ብቻዬን እንዲያ ከሳቅኩ ቆይቻለሁ።

ዲሪቤ እግሬ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ብዙ ሰው ስለሚያፍር አይጠይቀኝም፤ እሷ ግን የቤተሰብ ያህል ጠየቀችኝ፣ እኔም ነገርኳት። ጎንፋ ታሞ በቀረበት ዕለት ከቡሬ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ እንዳለኝ፣ መኪናው ሲገለበጥ ብቻዬን እንደነበርኩ፣ ሰው እስኪደርስልኝም ቡናው ላዬ ላይ ተደፍቶ እንደቆየሁ። ሰምታ ስትጨርስ ከንፈሯን አልመጠጠችም። ራሷን ነቅንቃ መንገዱ ላይ የወደቀውን ጭራሮ በእግሯ እየገፋች ትጠርግልኝ ጀመር።

መንገዱ ከሚታጠፍበት ላይ ስንደርስ ዲሪቤ በድንገት ክንዴን ያዘችኝ። እጄን ከመንጃው ላይ ለቀቅኩ፤ ስኩተሯ ቆመች። ከፊታችን ቁጥቋጦው ተንቀሳቀሰና አንድ ጎሽ ወጥቶ መንገዱ መሃል ቆመ። ከመንጋው ተለይቶ ብቻውን የሚዞር ያረጀ ኮርማ ነው። እንዲህ ያለው ከሁሉ የከፋ መሆኑን እርስዎም ከአባባ ሰምተዋል። ጭቃ የደረቀበት ጎኑ ሲነፋና ሲጎድል ይታየኛል። ያን ያህል ቅርብ ነበር።

ዲሪቤ በእጇ ከዱላ በቀር ምንም አልነበራትም። ስኩተሯን ወደ ኋላ እንድመልሳት በጆሮዬ ነገረችኝ። እርስዎ አዛውንት በሚጦሩበት የሥራ ቦታዎ በየቀኑ ስለሚሰሙት ያውቁታል፤ ይህች ዕቃ ወደ ኋላ ስትሄድ ጢጥ ጢጥ እያለች ትጮኻለች። አይሆንም፣ ትጮኻለች አልኳት። ከኋላችን ቅርንጫፉ ዝቅ ያለ ዋንዛ ነበር። የገጠር ልጅ ናት፤ ዓይን ሳይርገበገብ ትወጣዋለች። እሱን በዓይኔ አሳይቻት፣ «ዛፉ ላይ ውጪ፤ እኔን ተዪኝ» አልኳት።

እሷ ግን ከስኩተሯ ጋር ተጣብቃ ቆመችና እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። «ሂን ሶቾኢን» አለችኝ፤ አትንቀሳቀስ። እስከዚያች ሰዓት በአማርኛ፣ ያውም በአንቱታ ነበር የምታናግረኝ። ልብ ሲጨነቅ ወደ እናቱ ቋንቋ ነው የሚሮጠው መሰለኝ፤ አንቱታውም እዚያው ቀረ።

ጎሹ አየን። አንድ እርምጃ ወደ እኛ ተራመደ፣ አፍንጫውን አነሳ፣ ተነፈሰ። እትዬ፣ ያን ጊዜ ከሞት ይልቅ የታወሰኝ ያ የቡሬ ቁልቁለት ነው። ያኔ ስጮህ የሰማኝ አልነበረም። አሁን ግን ትከሻዬ ላይ የሰው እጅ አለ። ያ እጅ አልተነሳም። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ ጎሹ ራሱን ወዘወዘና፣ ለእኛ ለመቆም ጊዜ እንደሌለው ሽማግሌ፣ መንገዱን አቋርጦ ማዶ ገባ። የሚሰብረው እንጨት ድምፅ እየራቀ እየራቀ ጠፋ።

ዲሪቤ መሬት ላይ ዝርግት ብላ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ ላብ ይወርዳል። ለምን ዛፉ ላይ እንዳልወጣች ጠየቅኳት።

«ብወጣስ» አለች፣ «ከላይ ሆኜ ምን ልመለከት ነበር?»

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አለቀስን፤ ወዲያው ደግሞ ሳቅን። ስንመለስ ወደ በሩ በሚወስደው ዳገት ላይ ባትሪዋ ደከመ። ዲሪቤ በስልኳ ስትጣራ እየሮጡ የመጡት አቶ ደቅሲሳ ራሳቸው ናቸው። እስከ በሩ ድረስ ከኋላዬ ሲገፉ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ የትኛው ቦታ እንዳስቸገረኝ ይጠይቁኝ ነበር። ከበሩ አጠገብ ያለውን ቦይ ነገርኳቸው። ባለፈው ሳምንት ጎንፋ ሌሎች ሰዎች ይዞ ሲሄድ ቦዩ በድንጋይ ተሞልቶ፣ አፈር ለብሶ አግኝቶታል። በዊልቸር የምትሄደውን ጎረቤታችንን እትዬ ኡርጂንም ይዤ እንድመጣ አቶ ደቅሲሳ በጎንፋ ልከውብኛል፤ ከጥምቀት በኋላ አብረን እንሄዳለን። ዲሪቤ እሁድ እሁድ ለገበያ መቱ ስትመጣ እኛ ቤት ሳትገባ አትመለስም። ጊፍቲ የእጅጌዋን ርዝመት አሳጥራላታለች፤ እሷን ሳታበላ ደግሞ ማንንም አታበላም።

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ያህል ዕድሜ ብዙ ሰው ተሸክሞኛል፤ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ። ሁሉንም አመሰግናለሁ። ከሁሉ በፊት ግን እርስዎ ነዎት የተሸከሙኝ፤ ያውም እግሬ ጤነኛ ሳለ፣ እናታችን የሞተችብን ጊዜ። ስኩተሯን ለሰጡዎት ለእነዚያ እርስዎ ይጦሯቸው የነበሩ ሟች አዛውንት ልጆችም ምስጋናዬን በቋንቋቸው ያድርሱልኝ። የአባታቸው ስኩተር ኢሉባቦር ጫካ ገብታ ጎሽ ፊት ቆማ እንዳልሸሸች ይንገሯቸው። መሸሽ ባትችልም አልሸሸችም ነው የሚባለው።

ለጋሼ ሁንዴሳ ጤና ይስጥልኝ ይበሉልኝ፤ ብርዱን ሳይንቁ ደርበው ይልበሱ። ልጅዎ እድላዊት የጉሬዛ ሥዕል ስላ ትላክልኝ፤ ሥዕሏን ሱቄ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። ኦሊን ጉንጩን ይሳሙልኝ፤ አፋን ኦሮሞው እንዳይጠፋበት ከአባቱ ጋር ያውራ። ጊፍቲና ትንቢት እጅ ነስተዋል፤ ጎንፋም ሰላም ብሏል።

ሌላ የቀረኝ ነገር የለም። ቀን ቀን ሲደውሉ ስልኩን ጊፍቲ ብታነሳው አይደንግጡ፤ ወጥቼ ነው።

ታናሽ ወንድምዎ ገዛኸኝ

መቱ፣ ጥር ፰ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.