የዒጋልን ድርሻ የበላሁት እኔ ነኝ

በፋብሪካችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ እንዲለጠፍ የተጻፈ
ድሬዳዋ፣ መጋቢት 28 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ነጋ
የሳሙና ፋብሪካችን የፖለቲካ ትምህርት ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ጓድ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የሆድዎን ጤና፣ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ከዚራ ሰፈር ባለው የፈረንሳዮች ምግብ ቤት ያበሉን የድል ምሳ ከበድ ያለ ስለነበር፣ እንደ እኔ አስራ ስድስት ቀን ሙሉ አልፈጭ ብሎ እንዳላስቸገረዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በጥገና ክፍል በቶርኖ መኪና ብረት የምቀርጸው ክፍሌ፣ ማክሰኞ በስብሰባው ላይ ሂስ ያለው ሁሉ በግድግዳ ጋዜጣ ይጻፍ፣ የሚፈራ አይኑር ብለው ባዘዙት መሠረት፣ ላለመፍራት እየታገልኩ ይህንን ጽፌያለሁ። ምስጋና ስለሚበዛብኝ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

1ኛ. ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ዕድሜያችንን ሙሉ በዛፎቹ ጥላ ሥር ስናልፍ በመስኮት ብቻ ያየነውን ቤት፣ ባለቤቱ አገሩ ገብቶ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ እኛም ሕዝብ መሆናችንን አስታውሰው፣ አስራ ሁለት ኮከብ ሠራተኞችን ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡን። በየፊታችን ሦስት ሹካና ሁለት ቢላዋ ተደርድሮ፣ የቱን ለየቱ እንደምናነሳ ሳናውቅ በየደቂቃው የእርስዎን እጅ እያየን በላን። አቤት ስንታዘዝ! ሹካ ሲያነሱ አነሳን፣ ሲያስቀምጡ አስቀመጥን።

2ኛ. ምሳው ምርጫ የሌለው ስለነበር አመሰግናለሁ። አስተናጋጁ ሙመድ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ በዚያ ቤት የቀኑ ምሳ አስቀድሞ ተወስኖ ለሁሉ እኩል ይቀርባል፤ በመጀመሪያ የሽንኩርት ሾርባ፣ ቀጥሎ ከማለዳ ጀምሮ በቀይ ወይን ጠጅ ሲንተከተክ ያረፈደ የበሬ ሥጋ ከድንች ጋር፣ በመጨረሻም ክሬም ካራሜል የሚሉት ጣፋጭ። ከአስራ ሁለታችን አንዱ ሙስሊም መሆኑ ሲታዘዝ ትዝ አለማለቱን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ ሰው ኮከብ ከተባለ በኋላ ሃይማኖቱን ማን ያስታውሳል? እኛ ክርስቲያኖቹም ሁዳዴ መሆኑን እያወቅን ሥጋውን በላን።

3ኛ. ስለ ንቃትዎ አመሰግናለሁ። ይህኛው ትንሽ ይረዝማል፣ ይታገሱኝ።

ያ ሙስሊም ሶማሌው ዒጋል ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቶርኖ ላይ አብረን ሠርተናል። ባለፈው ክረምት ከተማችን በሶማሊያ መድፍ ስትደበደብ፣ እኔ አልጋ ሥር ስገባ እሱ ለጦራችን መኪኖች መለዋወጫ ሲቀርጽ የከረመ ሰው ነው፤ ፎቶግራፉን በፋብሪካው በር ላይ የሰቀሉትም እርስዎ ነዎት። በክፍላችን ድግስ ሲኖር ደግሞ እንዲህ ነው የምንኖረው፤ በጉን የእኔ ወገን ካረደው የዒጋል ሥጋ ወደ እኔ ይሻገራል፣ የእሱ ወገን ካረደው የእኔው ወደ እሱ፤ ዳቦው በፋንታው ይመለሳል። ተነጋግረንበት አናውቅም፣ እጃችን ለምዶታል።

በዚያ ቀንም ሙመድ ጎንበስ ብሎ ሥጋው በምን እንደተሠራ በጆሮው ሲነግረው እኔም ሰማሁ። ዒጋል ሰሃኑን ወደ እኔ ገፋ፣ እኔም ዳቦዬን ወደ እሱ ገፋሁ። እርስዎ ግን ከጠረጴዛው ራስ ላይ ሆነው ሹክሹክታውንም የሰሃኑንም ጉዞ ተከታተሉ፤ ከአንድ ቁራሽ ዳቦ ሴራ የሚያወጣ ዓይን ለሁሉ አይሰጥም። ከዚያም፣ «ጓድ ዒጋል፣ የድሉን ምሳ ለምን አልበላህም?» ብለው ጠየቁት።

ዒጋል ጋባዡን ማሳፈር አይወድም። በሰው ግብዣ ላይ ይህ ለእኔ አይሆንም ማለት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ነው። ስለዚህ በይሉኝታ፣ «ጠግቤያለሁ» አለ። ያለው ይኸው ነው፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። እርስዎ ደብተርዎን አውጥተው ጻፉ፤ ክሬሙ ሳይቀርብ ሁለት ሰዎች መጥተው ይዘውት ሄዱ። ያለ ምርጫ ነውና የእሱም ክሬም መጥቶ ባዶው ወንበር ፊት ተቀመጠ።

4ኛ. ይህ ምስጋና አይደለም፣ ግለ ሂስ ነው። እርስዎ ሲጠይቁት የዒጋል ሥጋ በአፌ ውስጥ ነበር። ጓድ፣ ይህ ሰው የወይን ጠጅ አይነካም ብል ይበቃ ነበር፤ አላልኩም፣ አኘክሁ። አፍ ሲበላ ዓይን ያፍራል ይባላል፣ እኔም ዓይኔን ሰሃኑ ላይ ተክዬ ዋጥኩ። ዝም አይነቅዝም ሲባልም እሰማ ነበር፤ የእኔው ዝምታ ግን ነቅዞ ይኸው እንቅልፍ ነስቶኛል። አፍሬያለሁ ጓድ፣ ፈርቼም ነበር፣ አሁንም እፈራለሁ።

ሚስቱ ኪንሲ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ሩዝ በሰሃን ቋጥራ ፋብሪካው በር ላይ ትቆማለች። እስር ቤቱ ስትሄድ እንዲህ የሚባል ሰው የለም ይሏታል፤ ባሏ ሊኖር የሚችልበትን ሌላ ቦታ ስለማታውቅ ወደ ሥራው ትመጣለች። ትናንት ክንዴን ይዛ፣ «ክፍሌ፣ ወላሂ አትደብቀኝ፤ እዚያ ቤት ምን በልቶ ነው ያልተመለሰው?» አለችኝ። ምንም ስላልበላ ነው ብዬ ልነግራት አቃተኝ።

ስለዚህ በትሕትና የማመለክተው እንዲህ ነው። የዒጋል ጥፋት የድሉን ሥጋ አለመብላቱ ከሆነ፣ ሥጋው ተበልቷል፤ ሁለቱንም ሰሃን ጠርጌያለሁ፣ ሙመድም ባዶ ነው ያነሳው። ሰሃን መለዋወጥ ሴራ ከሆነም አንድ ሰው ብቻውን አይለዋወጥምና ሁለተኛው እኔ ነኝ። እሱን ይልቀቁት፤ እስከዚያው ያለበትን ለኪንሲ ይንገሯት፣ ሩዙ ይድረሰው።

ወንበርዎ ከጠረጴዛው ራስ እንዳይነቃነቅ፣ ደብተርዎም ንጹህ ገጽ እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ ያቀረቡለትን ሁሉ ከነጎረቤቱ ድርሻ የጨረሰው

ታዛዥዎ ክፍሌ

ማስታወሻ፦ ለሚያዝያ 23 የወዛደሮች ቀን እዚያው ቤት ለሚደረገው ምሳ የላኩልኝ የጥሪ ካርድ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አልመጣም። ሊያነጋግሩኝ ቢያስቡ ግን መኪና ልከው አይድከሙ፤ በምሳ ሰዓት በሩ ላይ ከኪንሲ አጠገብ ቆሜ ያገኙኛል። ለምን አልበላህም ብለው ሲጠይቁኝም፣ እንደ ዒጋል ጠግቤያለሁ አልልዎትም።